«አትንኩት» ያለው ሰው

ኅዳር 15

ዳኘውን ቀበርነው። ታላቅ ወንድሜን። ይህን ካልጻፍኩ አንዱን ጎረቤት አንቄ ልገድል ነውና ልጻፈው።

የኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ካለው ቀያችን የጤፍ አጨዳ ወንፈል ነበር። የመንደሩ ወንድ ሁሉ ወጥቷል። ዳኘው እንደ ልማዱ ከፊት ሆኖ እየዘፈነ ያጭዳል። ሚስቱ እናኑ ጠላ ይዛ ስትመጣ አየችው። ቀና አለ፣ ማጭዱን ለቀቀ፣ በግንባሩ ተደፋ። ትንሽ ተንፈራገጠ። ያ ሁሉ ወንድ፣ ያ ሁሉ ጡንቻ ምን አደረገ? ዙሪያውን ከቦ ቆመ። አንድ ሰው «አትንኩት፣ ይጋባል» አለ። ክብሪት ተጫረና ጭሱ አፍንጫው ሥር ተያዘ። የሚጥል በሽታ ነው ብለው እኮ ነው። የሚጥል በሽታም ቢሆን በመንካት አይጋባም፤ ይህን ለልጆች ሳስተምር ስንት ዓመቴ። እናኑ ልታነሳው ስትሮጥ እጇን ያዟት። አንዱ ክብሪት ሲያልቅ ሌላ ጫሩ። ወንድሜ የሰው እጅ ሳይነካው ሞተ።

ሲገንዙት ግን ማንም አልፈራም።

ማን ነው «አትንኩት» ያለው ብዬ ስጠይቅ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። አገኘዋለሁ።

ኅዳር 16

ሠልስት። ከድንኳኑ ጀርባ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። አንደኛዋ የመታው መጋኛ ነው ትላለች፤ ከምንጭ ሳያማትብ ጠጥቶ ይሆናል። ሌላዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ደረሰ የሚባለው አጎቱስ በሠርጉ ማግስት እንዲሁ አይደል የተደፋው፣ የዚያ ቤት ወንድ አጥንቱ ላይ አንድ ነገር አለ አለች። አጥንት። እዚህ አገር ሰው ልጁን ከመዳሩ በፊት የሌላውን አጥንት እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ቆጥሮ የሚያገኘውን በሽታ ግን ሐኪም ጋ አይወስደውም፣ ይደብቀዋል።

አባዬ ለብቻዬ ጠሩኝና፣ የጠየቀሽን ሁሉ ድንገት ነው በይ፣ ሌላ ቃል እንዳትጨምሪ አሉኝ። ወንድሜን ይታገሱን አስበው ነው። የሁላችን ታናሽ ነው፤ ቡሬ የእህል መጋዘን ውስጥ ጆንያ ይጭናል። የቡሬውን የጋሽ ቂርቆስን ልጅ ሊያገባ ሽማግሌ ተልኮ እሺ ተብሏል፤ የቀረው ቀን መቁረጥ ብቻ ነው። የዳኘው አፈር ሳይደርቅ ስለ ሠርግ። ጥርሴን ነክሼ እሺ አልኩ። ለምን እሺ አልኩ?

ኅዳር 22

ፍኖተ ሰላም፣ ሥራ ገብቻለሁ። የዛሬው ትምህርት የደም ዝውውር ነው፤ እኔ አልመረጥኩትም፣ የመጽሐፉ ተራ ነው። ልብ አራት ክፍል አላት ብዬ ስጽፍ ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ። ልጆቹ ስባሪውን ሊያነሱልኝ ተሽቀዳደሙ። አዘኑልኝ መሰለኝ፤ እሱም አናደደኝ።

ደረጃውን ስወጣ ላይ ሳልደርስ ትንፋሽ አጠረኝ። ልቤ ድም ድም አለ፣ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ታከለ ምን ሆንሽ አለኝ። የሒሳብ መምህር ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ተነጋግረናል። ንዴት ነው አልኩት። ደግሞም ንዴት ነው።

ኅዳር 25

ሆስፒታል ሄድኩ። ለራሴ አይደለም። ዶክተር ክንፈሚካኤልን የማውቀው ልጁን ስለማስተምር ነው። ዳኘው እንዴት እንደወደቀ ነገርኩት። ከዚያ በፊት ወድቆ ያውቃል ወይ አለኝ። አዎ፣ አምና እንጨት ሲፈልጥ፤ ሆዱ ባዶ ስለሆነ ነው ተባለ። ከቤተሰቡ በድንገት የሞተ አለ? አዎ፣ አጎቴ፣ ደረሰ የሚባለው። ብዕሩን አስቀመጠ።

ሳልመረምረው የሞተን ሰው በዚህ ነው የሞተው ብዬ አልምልም አለ። ግን ጎልማሳ ሆኖ፣ ሥራ ላይ ሳለ፣ ካንድ ቤት ሁለት ሰው ከተደፋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ልብ ነው። የልብ ጡንቻ ያለ መጠኑ የሚወፍርበት ሕመም አለ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚሄድ። ሰውየው ጤነኛ ይመስላል፤ ሲሮጥ ወይ ሲለፋ ራሱን ይስታል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ልቡ በኃይል ይመታል። አንድ ቀን ምቱ ይዘበራረቅና ልብ ደም መርጨቷን ትታ መንቀጥቀጥ ብቻ ትጀምራለች። ያ መንፈራገጥ አንጎል ደም ሲያጣ የሚመጣ ነው እንጂ የሚጥል በሽታ አይደለም። በዚያች ሰዓት ያለው መድኃኒት የሰው እጅ ነው አለኝ። ከምርመራ አልጋው ላይ ትራስ አንስቶ አሳየኝ፤ መሃል ደረት ላይ፣ ሁለት እጅ ደራርቦ፣ ክንድ ሳያጥፉ፣ በኃይልና በፍጥነት፣ ሳያቋርጡ። ሁልጊዜ ያድናል አልልሽም፤ ቆሞ ማየት ግን ማንንም አላዳነም አለ።

እጅ። ያ ሁሉ የገበሬ እጅ እዚያ ቆሞ።

እህትና ወንድም ሁሉ መታየት አለበት አለ፣ መጀመሪያ የልብን ምት በሚመዘግበው በኢሲጂ፣ ከዚያ በልብ አልትራሳውንድ። የተገኘበት ከባድ ሥራ ይተዋል፣ ኪኒን ይጀምራል፤ አደጋው የበዛበት ደግሞ ምቱ ሲዛባ የሚያስተካክል መሣሪያ ደረቱ ውስጥ ይቀበርለታል። ወንድሜን አመጣዋለሁ አልኩት። ብድግ ስል፣

«አንቺስ ምን ይሰማሻል?» አለኝ።

«ንዴት።»

አልሳቀም።

ኅዳር 29

አልትራሳውንዱ ባሕር ዳር ነው። ወደዚያ መንገዱ ዝግ ነው። ይታገሱ ስልክ አያነሳም፤ ወይ ኔትወርክ የለም፣ ወይ ሆን ብሎ ነው። ሁለቱም ያናድዳል።

ታኅሣሥ 6

አገር ቤት ሄጄ ከአባዬ ጋር ተጣላሁ። ክንፈሚካኤል ያለኝን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ጋቢያቸውን አፋቸው ድረስ ስበው ሰሙኝ። ከዚያ፣ ይታገሱ ሐኪም ቤት ገባ ማለት ወሬው ቡሬ ገባ ማለት ነው አሉ፤ ቂርቆስ ልጁን ለበሽተኛ አጥንት አይሰጥም፤ ደግሞስ ሰው በቀኑ ነው የሚሞተው። በወሬ የሞተ ሰው አላየሁም፣ በዝምታ የሞተ ግን ትናንት ቀብረናል አልኳቸው።

«ሁለት ወንድ ነበረኝ፤ አንዱን አፈር አለበስኩ። አንዱን ደግሞ በአፍሽ አትቅበሪብኝ» አሉ።

እኔ ምንድን ነኝ? እኔስ ልጅ አይደለሁም? ይሄን አላልኩም። ተነስቼ ወጣሁ።

እናኑ እስከ ምንጩ ሸኘችኝ። ልትነግረኝ ስትል ስትል ቆይታ፣ ይታገሱም ወድቋል አለችኝ። በፍልሰታ፣ መጋዘኑ ውስጥ፣ ጆንያ ተሸክሞ። አባዬና ዳኘው ተማክረው ደብቀውታል። ዳኘውም! እሱ ራሱ የወደቀው ሰውዬ፣ ሊያገባ ነውና ዝም በይ ብሏታል። ሬሳ ላይ መናደድ ኃጢአት ከሆነ ኃጢአተኛ ነኝ።

የእሷና የዳኘው ልጅ አምለሰት ቀሚሴን ይዛ መቼ ትመጪያለሽ ትለኛለች። የአባቷን ዓይን ነው የወሰደችው። ደግነቱ ሴት ናት፤ ይህ ነገር የያዘው ወንዶቹን ነው።

ታኅሣሥ 13

ከጓሮ ውሃ ቀድቼ ስመለስ ዓይኔ ጨለመብኝ። ጀሪካኑን አስቀምጬ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጾሙም አለ፣ እንቅልፍም የለኝም፣ የአባዬም ነገር አለ። ይታገሱ ዛሬም አላነሳም።

ታኅሣሥ 22

የዳኘው አርባ። ጾም ስለሆነ ሽሮና ምስር ነው የቀረበው። ቄሱ ለፍትሐቱ ጧፍ ይብራ ሲሉ አባዬ ከኪሳቸው ክብሪት አወጡ። ክብሪቱ ከእጃቸው ወደቀ። አላነሱትም። ቆመው ያዩታል። ይታገሱ አንስቶ ለኮሰው። እናኑን አየኋት፤ እሳቸውን እያየች ነበር። ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም ቶሎ አቀረቀረች።

እቃ ስናጥብ ክንዷን ያዝኩ። ማን ነው አልኳት። «ተይው እታለም፣ እኔ ትቼዋለሁ» አለች። አልለቅ ስላት ነገረችኝ። «አትንኩት» ያለውም፣ ክብሪቱን የጫረውም አንድ ሰው ነው።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ስሄድ የአባዬን ጉልበት ሳልስም ወጣሁ። ሰው ሁሉ አየ።

ታኅሣሥ 25

አገኘዋለሁ ብዬ ዝቼ ነበር። አገኘሁት። ምን ላድርገው?

የሚጥል በሽታ ነው ብሎ ፈርቶ ነው። ለይታገሱ ፈርቶ ነው፤ የሙሽራው ወንድም በመንደር ፊት የሚጥል በሽታ ጣለው እንዳይባል ቶሎ በክብሪት ሊያነቃው ፈልጎ ነው። ይጋባል ያለውም አምኖበት ነው። ሁሉንም አሰብኩት። አንዱም አላበረደኝም። ገና ሳስበው ደሜ ይፈላል፣ ልቤ እየዘለለች ትመጣለች። ሸክላ ብሰብር ይወጣልኝ ነበር፤ ያለኝ ግን ሁለት ሳህን ነው።

ጥር 3

ይታገሱ መጣ። ያቀረብኩለትን እንጀራ እየበላ ቀና ብሎ አላየኝም። ሁሉንም ነገርኩት፤ ዳኘው በምን እንደሞተ፣ ሐኪሙ ምን እንዳለ። «አትንኩት» ማን እንዳለ ግን አልነገርኩትም። እሱ ለወንፈሉ መጥቶ ቦታው ላይ ስለነበረ ያውቃል፤ እኔ መናገሬን ነው የተውኩት።

«ቢገኝብኝስ እታለም? እሷን ላጣ ነው፣ ሥራዬን ላጣ ነው። ምን ይቀረኛል?»

«ትንፋሽህ» አልኩት።

መንገድ የተከፈተ ቀን እሄዳለሁ አለ። እስከዚያ ጆንያ እንዳይሸከም አስማልኩት። በገብርኤል ማለ፤ ግን አላመንኩትም።

ጥር 12

ቡሬ ለጥምቀት ሄጄ ነበር። ታቦት ሲገባ ይታገሱ ከጎረምሶቹ ጋር ዱላውን ሰቅሎ ይዘላል። ማለልኝ ያልኩት ልጅ። በዘለለ ቁጥር አሁን ይወድቃል እያልኩ ከጎን ከጎኑ ሮጥኩ። ሽቅቡ ላይ ስደርስ ግን መሮጥ አቃተኝ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። አንዲት ሴት ውሃ ረጨችኝ። ፀሐዩ ከባድ ነበር። እሱ ዝላዩን ጨርሶ እየሳቀ መጣ፤ በጥፊ ልለው ነበር።

ጥር 21

ባሕር ዳር። መንገድ ተከፍቶ ትናንት ገባን።

ይታገሱ ንጹህ ነው። ኢሲጂውም አልትራሳውንዱም። የፍልሰታው ውድቀት ሳይበላ ሳይጠጣ በሙቀት ጆንያ ሲጭን ውሎ ነው አሉ። እልል ልል አፌን ስከፍት ሐኪሟ ቀጥሎ አንቺ ነሽ አለችኝ። እኔ አስታማሚ ነኝ አልኳት። እህቱ አይደለሽ እንዴ አለች። የኛ ቤት የወንዶቹ ነው አልኳት። ስልኳን እያስቀመጠች፣ ሕመሙ ወንድ ሴት አይልም፣ ከእናትም ካባትም ለሴትም ለወንድም እኩል ነው የሚሄደው አለች። የባዮሎጂ መምህርት መሆኔን ይታገሱ ቀድሞ ነግሯት ነበር። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ደረቴ ላይ የቀቡኝ ነገር ይቀዘቅዛል። ሐኪሟ መጀመሪያ ትጫወት ነበር። ከዚያ ስክሪኑን ወደ ራሷ አዞረች። ከዚያ ደረጃ ስትወጪ ምን ይሰማሻል አለችኝ።

የልቤ ጡንቻ ወፍሯል።

ጥር 22

ሚኒባሱ ውስጥ ነው የምጽፈው። መራዊን አልፈናል። ኪኒን ሰጥተውኛል፣ አዲስ አበባ ለመሣሪያው እንዲያዩኝ ወረቀት ጽፈውልኛል። መሮጥ የለም፣ መሸከም የለም።

ይታገሱን ለማንም እንዳትናገር አልኩት። ለአባዬም፣ ለታከለም። የታከለ ሽማግሌ መጥቶ እስኪያልፍ ብቻ፤ ከዚያ እኔው ራሴ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ። ታከለ ክፉ አይደለም፣ እናቱ ግን አጥንት ትጠይቃለች። ለጊዜው ነው። ለጊዜው ቢደበቅ ማን ይጎዳል?

ዱርቤቴ ላይ ሰው ሲወርድ ይታገሱ ዞሮ አየኝ።

«አባዬን መሰልሽ» አለኝ።

ብወርድና በእግሬ ብሄድ ደስ ባለኝ፤ ረጅም መንገድ መሄድም ተከልክያለሁ። እስከ ቡሬ አላናገርኩትም።

ጥር 27

ይታገሱ ለአባዬ ነግሯቸዋል። ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባዬ ደጃፌ ላይ ቆመዋል። ፍኖተ ሰላም መኖር ከጀመርኩ ቤቴን ረግጠው አያውቁም። አልሳምኳቸውም። ገብተው ከበርጩማው ላይ ተቀመጡ፣ ውሃ ሰጠኋቸው፣ አልጠጡትም። የሆዴን ሁሉ ልዘረግፍ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ሁለት ወር ሙሉ በልቤ ስለው የኖርኩት ንግግር ነበረኝ።

«የት ላይ ነው የሚጫኑት?» አሉኝ።

የበቆሎ ጆንያ ጥግ ላይ ነበር። አጋድሜ ጋቢ ደረብኩበት። እዚህ ጋ፣ መሃል ደረቱ ላይ። እጅዎን ይደርቡ። ክንድዎን አያጥፉት። ይጫኑ። ጀመሩ። ጉልበት አላቸው፤ አርባ ዓመት እርፍ የያዘ እጅ ነው። ጆንያው ወለሉ ላይ እየተንሸራተተ ሄደ፣ እኔ በእግሬ ያዝኩት። ላብ እስኪያጠምቃቸው ተጫኑ። ቆም አሉ።

«ለዳኘው ይህን ማድረግ እችል ነበር?»

አይችሉም ነበር ብላቸው እፎይ ባሉ። ልዋሽላቸው ምላሴ አልታዘዝ አለኝ።

«ይችሉ ነበር» አልኩ።

አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ እንደገና መጫን ጀመሩ።

ጥር 29

ለታከለ ነገርኩት። የፈለገውን ይበል፣ ቢያንስ ያውቃል። ርዕሰ መምህሩ ክፍሌን ከፎቅ ወደ ምድር አወረደልኝ።

የካቲት 1

ቡሬ፣ ጋሽ ቂርቆስ ቤት፣ ለቀን ቆረጣው። እኔም ተጠርቼ ነበር። ሽማግሌዎቹ ከበላን በኋላ የካቲት ስምንት ይሁን፣ ከጾሙ በፊት ይለቅ ተባባሉ። ሁሉም ነገር አለቀ፤ ጋሽ ቂርቆስ ሊመርቁ ሊነሱ ነው። አባዬ ቀድመው ተነሱ።

ቃል ከማሰራችን በፊት የምናገረው አለኝ አሉ። ወንድሜ ደረሰም ልጄ ዳኘውም የሞቱት በልብ ነው፣ መጋኛ አይደለም፣ የሚጥል በሽታም አይደለም። ይታገሱ ታይቶ ንጹህ ነው፤ ሴቷ ልጄ ግን ታማለች፣ ይቺውላችሁ። ይታገሱ ፊቱ አመድ መሰለ። ጋሽ ቂርቆስ ብርሌያቸውን አስቀመጡ። እኔ ራሴን ከምድር ለመደበቅ ቦታ ፈለግሁ፤ ተናደድኩ፣ በሰው ፊት እኔን ጠቁመው።

«በእናንተም ደጅ ብትሆን በኛ፣ ይቺ ልጅ ከወደቀች ክብሪት አትጫሩባት። ንኳት። ደረቷን ተጫኑ። እኔ ልጄን አትንኩት ብዬ ነው የገደልኩት።»

ጋሽ ቂርቆስ፣ የሰማነውን ከቤተሰብ ጋር እንምከርበት፣ በሦስት ቀን መልስ እንልካለን አሉ። ሳይመርቁ ሸኙን። ይታገሱ በመንገዱ ሁሉ ከፊታችን ፈጥኖ ሄደ። ልጅቷን ሊያጣ ይችላል። አባዬም ያውቃሉ።

የካቲት 2

አገር ቤት አድሬ የአባዬን ቃል ለእናኑ ነገርኳት። አምለሰትን እያጠበቻት ነበር፤ ዛሬ ክንፈሚካኤል ጋ እንወስዳታለን፣ ሴት ናት ብዬ ያለፍኳትን።

«በምን ድምፅ አሉት?» አለችኝ።

ጮክ ብለው አልኳት።

«ያን ቀንም ጮክ ብለው ነበር» አለችና የልጅቷን ጫማ ማሰር ጀመረች።

ስንወጣ አባዬ በሩ ላይ ቆመዋል። ይቅር አላልኳቸውም። ጉልበታቸውንም አልሳምኩም። እጃቸውን ግን ያዝኩት፤ ጆንያ ላይ ሲለማመዱ ከርመው መዳፋቸው ላይ ውሃ ቋጥሯል።